በሁለት ጉርሻ የጠገበች

ጎንደር፣ ፀዳ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለቀሲስ ኪዳነወልድ
ኦስሎ

አያ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ እንዴት ከርመዋል እላለሁ። የዚያ አገር ብርድ አጥንትዎን እንዳያገኘው፣ ድምፅዎም ለማኅሌቱ እንዳይደክምብዎት ኪዳነ ምሕረትን እለምናለሁ። ቀጥሎ «እኛ በጣም ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነው። ግን ደህና አይደለንም፤ ስለዚህ ወጉን ልዝለለው።

እማዬ ታማለች። እርሷ ታምሜአለሁ አትልም፤ እኅትዎን ያውቋታል። እኔ ግን አብሬያት ስለምኖር አያለሁ። ከጥምቀት ወዲህ ሆዷ እያበጠ ሄደ። መቀነቷ እንደ ድሮው አልዞር ብሏት ጫፉን ይዛ ስትታገል ደርሼባታለሁ። ፊቷና ክንዷ ከስቶ ሆዷ ብቻ ይገፋል። ምነው ብላት የሽሮው ነው፣ የባቄላው ነው አለችኝ። የጀመራት እኮ ሁዳዴ ሳይገባ ነው፤ ያኔ የምን ባቄላ?

ከዚያ መብላት ተወች። በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ተመልሳ ገበታ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ እጇን ትታጠባለች። ብዪ ስላት ጠገብሁ ትላለች፤ ለማስመሰል አይደለም፣ እውነት ጠግባ ነው። ወገቧንና ከእምብርቷ በታች ያማታል፤ እሱን ስግደቱ ነው ትላለች። ሽንትም ቁጭ አያስብላትም፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው ጸበል ነው። የማኅበሯ ሴቶች ይባስ ብለው ያደንቋታል። እትዬ ማናዬ ባለፈው ቤት መጥታ፣ ሰብሌ ጸጋ ወረደላት፣ እኛ ሆዳሞቹ እንጀራ ስናሳድድ እርሷ በሁለት ጉርሻ ታድራለች ብላ እጇን ሳመቻት። እማዬ አፍራ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ። ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት በሞተሩ ድምፅ ላይ ስጮኽ ስለምውል ቤት ስገባም ድምፄ አይወርድልኝም፤ ትጮኺብኛለሽ እንጂ አታዝኝልኝም አለችኝ። በመጨረሻ ያወጣችው ይህን ነው፦ በጾም መካከል መድኃኒት ዋጪ ቢሉኝ ጾሜ ይፈርሳል፤ ወንድሜ ካላለኝ አልሄድም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእርስዎ ቃል አትወጣም።

ስለዚህ አያ፣ የምለምንዎት ገንዘብ አይደለም። ስልኩ አንድ ቀን ቢሠራ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ቢሠራም «ደህና ነኝ ወንድሜ» ብላ ትዘጋብዎታለች። ደብዳቤዎን ግን ተሳልማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ ነው የምታስነብበኝ። አንድ ገጽ ይጻፉላት። ሐኪም ቤት ሂጂ፣ የታመመ ሰው በጾም አይገደድም ይበሏት። እርስዎ ካሉ በማግስቱ ትሄዳለች። እባክዎ አይዘግዩ።

የእኅትዎ ልጅ
ይመኙሽ


ኦስሎ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሐዱ አምላክ።

ለምወድሽ ለእኅቴ ልጅ ለይመኙሽ፤ ሰማይን ያለ ምሰሶ ያጸና አምላክ ቤታችሁን ያጽና። ጾሙን አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። በረዶው ገና አልለቀቀንም፤ ሆኖም ቅዳሴው አልተቋረጠም፣ ምእመናኑም በርትተዋል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ እኅቴ ስለ ሰብለ ወንጌል የጻፍሽውን ባነበብሁ ጊዜ እንባዬ መጣ፤ የኀዘን እንባ እንዳይመስልሽ። በልጅነቷም እንዲህ ነበረች። እዚህ አገር ሰዉ ወተት የሌለበት ቸኮላት እየፈለገ ነው የሚጾመው። ስለዚህ ባለፈው እሑድ በስብከቴ መካከል ምሳሌ አድርጌ አነሣኋት። በጎንደር ያለች እኅቴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ጠገብሁ ትላለች፣ እኛስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያለቀሱ ነበሩ።

ስለ ሆዷ ያልሽው፣ ልጄ፣ የሴት ነገር ነው። በእርሷ ዕድሜ ሰውነት እንዲህም እንዲያም ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዘመኑ ደግሞ ደህናውን ሰው በሽተኛ ነህ ብለው የሚልኩበት ነው። ጸበሉን አታቋርጥ። ጾሙ ተጋምሷል፤ አሁን አቁሚ ብላት ድካሟን ሁሉ ማፍሰስ ይሆንብኛል። ለእርሷ አንድ ወረቀት አብሬ ልኬአለሁ፣ አንብቢላት።

ሌላው፣ የፀዳው ቤቴ እንዴት ነው? ክረምቱ ሳይገባ የጣሪያውን ቆርቆሮ አስፈትሺልኝ። የአጥሩ በር አረንጓዴ ይቀባ ብዬሽ ነበር፤ ምን እንደተቀባ አልጻፍሽልኝም።

አጎትሽ
ቀሲስ ኪዳነወልድ


ጎንደር፣ ፀዳ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎት፤ ቤተሰብዎንም እንዲሁ።

የአጥርዎ በር አረንጓዴ ነው። ቆርቆሮውም ሸጋ ነው፤ አንዲት ጠብታ አያስገባም። አሁን ወደ እኅትዎ እንመለስ።

የላኩላትን ወረቀት በሆሣዕና ዋዜማ አነበብሁላት። በርቺ፣ አክሊልሽ ተዘጋጅቷል የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኗ ሞላ። በማግስቱ ሁለቱ ጉርሻ አንድ ሆነ። ልብ ይበሉ፤ አንዱን ጉርሻ የቀነሰችው እርስዎ በርቺ ስላሏት ነው። ስግደቱንም ጨመረች። ስቅለት ዕለት ከመሬት መነሣት አቅቷት ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጡልኝ። እሱንም እንደ ትልቅ ነገር ሲያወሩት ሰነበቱ።

እኔ ሞኟ ደግሞ ፋሲካን ጠበቅሁ። ጾሙ ሲፈታ ነገሩ ይለይለታል አልሁ። ዶሮው ቀረበ፣ ፈረሰኛውን ለርሷ አደረግሁላት። ሁለት ጎረሰችና እጇን ታጠበች። ጾም የለ፣ ባቄላ የለ፣ ስግደት የለ። እንግዲህ ምን ትሉ ይሆን ብዬ ቤት የመጡትን የማኅበሯን ሴቶች አየኋቸው። እትዬ ማናዬ ምን እንዳለች ልንገርዎት፦ አንጀቷ ጾሙን ለምዶ ነው አለች። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ፤ ባልወጣ እወረውረው ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ወፍጮውን ዘግቼ ብቻዬን አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። የእኔን ሳይሆን የእማዬን ነገርኋት። ሳልጨርስ፣ ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት አለችኝ። ከጥምቀት ወዲህ አልኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማንኛዋም ሴት ከማኅፀኗ ግራና ቀኝ እንቁላል የሚያመርቱ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሏት፣ ኦቫሪ ይሏቸዋል፤ እነሱ ላይ የሚወጣ ካንሰር አለ አለችኝ። ጩኸት የለውም፤ ስለዚህ ሁሉም የመሰለውን ስም ይሰጠዋል። ሆድ ይነፋል፣ ተመልሶ አይጎድልም። ትንሽ ቀምሶ መጥገብ ይመጣል። ከእምብርት በታች ያማል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላል። እያንዳንዱን ስትናገር እማዬ ፊቴ የቆመች መሰለኝ።

ሁልጊዜ እሱ ነው አላለችኝም፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል አለች። ግን ድሮ ያልነበረ ነገር መጥቶ በየቀኑ እየተመላለሰ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈው መታየት ነው እንጂ መጠበቅ የለም። የማኅፀን በር ምርመራ እንኳ ቢደረግ ይህን አያሳይም፤ በአልትራሳውንድና በደም ነው የሚፈለገው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሲባል ለጠብና ለክርክር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኋት። ወንድሜ ምን አለ አለችኝ። አያ፣ ሁለተኛ እለምንዎታለሁ። ሦስተኛ ግን አልለምንም።

ይመኙሽ


ኦስሎ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይመኙሽ፤ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቴም አዘንሁ። ፊደል ያስቆጠርኋት ልጅ ለካህን እንዲህ ያለ ቃል ትጽፋለች ብዬ አላሰብሁም። ማኅፀንና ሽንት እያልሽ የጻፍሽውን ባለቤቴ እንዳታየው ወረቀቱን ከመጻሕፍቴ መካከል ሸሸግሁት።

የመሪጌታ ሚስት የነበረች፣ የቄስ እኅት፣ ልብሷን አውልቃ ለጎረምሳ ሐኪም ትታይ? ነገ በከተማው ምን ይባላል? የሌለባት ከሆነስ፣ ያ ክፉ ስም አንዴ ከአፍ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ዝም አይነቅዝም ብለዋል አባቶች። ሰኔ ሳይገባ ጸበል ወስደሽ ሱባኤ አስይዣት። ለእርሷ የጻፍሁት ወረቀት እነሆ። እሱን ብቻ አንብቢላት፤ ከራስሽ አትጨምሪ።

ቀሲስ ኪዳነወልድ


ጎንደር፣ ፀዳ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፣ እንደምን ሰነበቱ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት።

ከራስሽ አትጨምሪ ብለውኝ ነበር። ጨመርሁ። እንዲያውም የእርስዎን ጨርሶ አላነበብሁም።

ወረቀቱን ሰጠኋት፣ ተሳለመችው፣ መለሰችልኝና ተቀመጠች። ዓይኔን ጽሕፈትዎ ላይ ተክዬ ከራሴ አነበብሁ፦ «እኅቴ ሰብለ፣ ሆድሽን እንዴት ነው የሚያምሽ? ምግብስ ምነው ጠላሽ? ሳልጠይቅሽ ቆየሁ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ይመኙሽን አስከትይ፤ ምክንያት አልሰማም።» ሱባኤ የሚለውን በዓይኔ እያየሁ ነው ይህን ያልሁት። ድምፄ ጸጥ ያለ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። እማዬ፣ እንግዲያ ወንድሜ ካለ ብላ ነጠላዋን አነሣች።

ሐኪሟ ያችው ሴት ነበረች፤ ጎረምሳ አላያትም፣ እንዲያርፉ ነው የምጽፈው። አልትራሳውንድ ተነሣች፣ ደም ሰጠች፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩን። ከሆዷ ውሃ ቀዱላት፤ ጸበል የምታመጣበትን ጀሪካን ይሞላ ነበር። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነው። ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል፣ ሦስተኛ ደረጃ ነው አሉን። መጀመሪያ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ያደርጉላታል፣ ከዚያ ደግሞ ኬሞ። ሐኪሟን በጥር ብናመጣትስ ኖሮ አልኋት። ቀድሞ በተገኘ ቁጥር ይሻላል አለችኝ። ምን ያህል ይሻል ነበር ስላት ሌላ በሽተኛ ጠራች።

ዝም አይነቅዝም ብለው ጻፉልኝ። አያ፣ እኔ እህል መካከል ነው የምውለው። ዝም ተብሎ ጥግ ላይ የተተወ እህል ሲነቅዝ በዓይኔ ነው የማየው። እርስዎ የሰው አፍ ፈሩ። እማዬ ሐኪሟ ፊት አንድም ጊዜ አላፈረችም፤ ያፈሩባት እርስዎ ነዎት። በስብከትዎ ያነሷት ሴት እኮ እየጾመች አልነበረም። ሆዷ ውስጥ የበቀለው ነገር የምግቡን ቦታ ወስዶባት ነበር። እነዚያ ያለቀሱት ምእመናን ይህን ያውቁታል? ከመካከላቸው ስንቷ በሁለት ጉርሻ ጠግባ፣ ጸጋ ነው ብላ ቤቷ ተቀምጣ ይሆን?

ተናደድሁብዎት። ይህን በአክብሮት መጻፊያው መንገድ ጠፍቶብኝ ነው እንዲሁ የጻፍሁት።

ይመኙሽ


ኦስሎ
ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይመኙሽ፤

በስሜ ዋሸሽ። በክህነቴ ዋሸሽ። እኅቴ በተሳለመችው ወረቀት ላይ ያላልሁትን ቃል አስቀመጥሽ። አባትሽ መሪጌታ በሕይወት ቢኖር ይህን ሰምቶ በእግሩ አይቆምም ነበር።

በሽታዋን ባነበብሁ ጊዜ ቤተ መቅደስ ገብቼ ወደቅሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኝልኝ አይደለም። ነገር ግን በውሸት የተጀመረ ሕክምና በረከት የለውም። በእኔ ቃል የሄደች መስሏት እንድትቀጥል አልተውም። ለደብራችሁ ካህን ለቄስ እስጢፋኖስ ጽፌአለሁ፤ ቤታችሁ መጥተው ለእኅቴ ራሳቸው ያነቡላታል። እኔ ሂጂ እንዳላልኋት ትወቅ። ፍልሰታም ደርሷል። ከዚያ ወዲያ ትቀጥል፣ ትተው፣ ፈቃዱ የርሷ ነው።

የቤቴን ቁልፍ ለጎረቤቱ ለአብዮት አስረክቢ። ከእንግዲህ ለእኔ አትጻፊ።

ቀሲስ ኪዳነወልድ


ጎንደር፣ ፀዳ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኪዳነወልድ፤

አያ፣ እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? ድንግል ትጠብቃችሁ። ይህን የምትጽፈው ይመኙሽ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። አትጻፊልኝ ያልኸው እርሷን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ቄስ እስጢፋኖስም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ስትጨርስ መልሰው ያነቡልኛል፣ እንዳትጠራጠር።

ወረቀትህን አነበቡልኝ። ልጅሽ ዋሽታሻለች፣ እኔ ሂጂ አላልሁም የሚለውን። ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ነው ያነበቡት። ይመኙሽ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ኬሞውን ልትተውብኝ ነው ብላ። ቄሱ ሲጨርሱ ሁለቱም እኔን ያዩኛል።

አያ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም እንጂ ጆሮ አለኝ። ያኔ ይመኙሽ ያነበበችልኝ ደብዳቤ ያንተ እንዳልሆነ ገና ስትጀምር አውቄአለሁ። ሆድሽን እንዴት ነው የሚያምሽ ይላል። አንተ እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም። ስወልድ በርቺ ብለህ ላክህብኝ፣ ባሌ ሲሞት በርቺ አልህ፣ በጾሙም በርቺ አልህ። እኔም በረታሁ። ልጄ ወረቀቱን ይዛ የሚያመኝን ስትጠይቀኝ ግን እንባዬ ሊመጣ ሲል ነጠላዬን አነሣሁ። ወንድሜ ካለ ያልሁት እርሷ እንዳታፍር ብዬ ነው። ለዚያ ለመጠየቁ ነው የሄድሁት። በውሸት ሄደች አትበል፤ እያወቅሁ ሄድሁ።

ኬሞውን አልተውሁም። ጠጉሬ ሁሉ ረግፏል፤ ሻሽ ከፋሽን ሳይሆን ከችግር አስሬአለሁ። ቄስ እስጢፋኖስን በፍልሰታ ምን ላድርግ አልኋቸው። ጾም ለጤነኛ ነው፣ ያንቺ ጾም ሕመምሽ ነው አሉኝ። በእንቁላልና በመረቅ አሳለፍሁት። ያንን ቃል ካንተ ነበር የጠበቅሁት፤ ከጎረቤት መጣልኝ። በጥቅምት ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል ብለዋል። ሐኪሟ ስንት ዓመት እንደምኖር አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ትንሽ እፈራለሁ፤ ለይመኙሽ አልነገርኋትም ነበር፣ አሁን ስትጽፍ ሰማችው።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት የማኅበራችን ተራ የኔ ነበር። ጽዋው ከተነሣ በኋላ ሴቶቹን አትሂዱ አልኋቸው። ሻሼን ፈትቼ ራሴን አሳየኋቸው። የኔ ጸጋ ነቀርሳ ነበር፤ እናንተም እጄን ስትስሙ ነቀርሳዬን ነው የሳማችሁት አልሁ። ሆዴ ሲነፋ፣ በሁለት ጉርሻ ስጠግብ፣ ከእምብርቴ በታች ሲያመኝ፣ ሽንት ሲያጣድፈኝ፣ ይኼው ነበር እያልሁ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ማናዬ ተቆጣች። በኪዳነ ምሕረት ጽዋ ላይ የማኅፀን ነገር ይወራል ወይ አለች። «እመቤታችን ልጇን የተሸከመችው በምኗ ነው?» አልኋት። አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። አላባበልኋትም፤ ትንሽ ታልቅስ።

በማግስቱ ከማኅበርተኞቹ ታናሿ ሐመልማል ብቻዋን መጣች። እርሷም ከሰኔ ጀምሮ ሆዷ ይነፋል፣ ለባሏ አልተናገረችም። ይመኙሽ ይዛት ሄደች። ምንም አልተገኘባትም፤ የጨጓራ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። ሴቶቹ በከንቱ ተገላልጣ መጣች ብለው ሳቁባት። እንዴት እንደተናደድሁ! በከንቱ? ምንም የለብሽም መባልን የመሰለ ምን አለ? እኔ ብባል ኖሮ እልል ብዬ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በእግሬ እሄድ ነበር። ከእንግዲህ የሚስቅባት ካለ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው።

ቁልፍህን አብዮት ተረክቧል። ቤትህ ደህና ነው፤ እሱን አታስብ።

አሁን የምፈልግብህን ስማ። እኔን ምሳሌ አድርገህ ባነሣህበት ቦታ ተመልሰህ ቁም። ያ ጾም አልነበረም፣ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነበር በላቸው። ስሙን ጥራው፤ ስሙ አይገድልም፣ እኔ በየቀኑ እጠራዋለሁ። የንስሐ ልጆችህ ሴቶቹ ኃጢአታቸውን ሊነግሩህ ሲመጡ ኃጢአቱን ብቻ ሰምተህ አትስደዳቸው። ሆድሽን ምን ይሰማሻል፣ ከመቼ ጀምሮ በላት እያንዳንዷን። ሚስትህን ከሁሉም በፊት ጠይቃት። እኔን አልጠየቅኸኝም።

እኅትህ
ሰብለ ወንጌል